በ2.6 ሚሊዮን ደሴ የሚከራይ ቤት ልግዛ ወይስ ኮምቦልቻ? የምታውቁ ምከሩኝ

የቧንቧ ውሃዋ፦
ሰላም ናችሁ የሀገሬ ልጆች። ከኩዌት ከተመለስኩ 5 ወር ሆነኝ፣ 9 ዓመት ሰው ቤት ሰርቼ ያጠራቀምኩት 2.6 ሚሊዮን ብር አለኝ። ሱቅ ክፈቺ የሚለኝም አለ፣ ባጃጅ ግዢ የሚለኝም አለ፣ እኔ ግን ልቤ ያለው ቤት ላይ ነው፣ ገዝቼ አከራይቼ በየወሩ የሚገባልኝ ነገር እንዲኖረኝ ነው የምፈልገው። አንድ ደላላ ከፒያሳ ወደ ጦሳ ተራራ በኩል ሽቅብ ሲኬድ ያለ ግቢ አሳይቶኛል፣ 3.4 ሚሊዮን ነው የሚሉት። ዋናው ቤት ጭቃ ነው ግን በደንብ የተለሰነ፣ ከጓሮ 4 ሰርቪስ ክፍል አለ፣ ሁሉም ተከራይ አለበት። ዋናው ቤት 6 ሺ፣ ሰርቪሶቹ እያንዳንዳቸው 2 ሺ፣ በወር 14 ሺ ይገባል ማለት ነው። የጎደለውን 800 ሺ የእህቴ ባል ሊያበድረኝ ተስማምቷል። ደላላው እስከ አርብ ቀብድ ካላስያዝሽ ሌላ ገዢ አለ ይለኛል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ደሴን ተይው ኮምቦልቻ ግዢ፣ ፋብሪካ ያለበት ነው ኪራይ ያለው ትላለች። ጭንቅላቴ ዞሯል፣ ከዚህ በፊት የገባችሁበት ካላችሁ እስቲ በናታችሁ።

ተከራይ ነኝ፦
አንደኛ "እስከ አርብ" የሚል ደላላ ሲገጥምሽ እስከ ሚቀጥለው ወር አርብ ቆዪው።

ሂሳብ ሠራተኛው፦
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ስሜቱን ለጊዜው እናስቀምጠውና ቁጥሩን እንየው። 14 ሺ በ12 ወር 168 ሺ ነው። ለ3.4 ሚሊዮን ስታካፍይው 5 በመቶ አይሞላም። ይሄ ደግሞ ሁሉም ክፍል ዓመቱን ሙሉ ሳይፈታ ተይዞ፣ ሁሉም ተከራይ በሰዓቱ ከፍሎ፣ አንድ ቆርቆሮ ሳትቀይሪ ነው፣ እንደዛ የሚሆን ግቢ ደግሞ እኔ አላየሁም። ከዛ ላይ የኪራይ ገቢ ግብር አለ፣ የጥገና አለ፣ ሽንት ቤት ማስመጠጥ አለ፣ ተከራይ ሲወጣና ሲገባ ባዶ የሚያድርበት ወር አለ። እኔ ስገምተው በእጅሽ 120 ሺ ከቀረሽ ጥሩ ነው። ያንኑ 3.4 ሚሊዮን በ7 በመቶ ባንክ ብታስቀምጪው በዓመት 238 ሺ ነው፣ ያለ ጭቅጭቅ። አትግዢ አላልኩም፣ ግን ለኪራዩ ብለሽ ከሆነ በዚህ ዋጋ ኪራዩ ቤቱን አይሸከመውም።

ጋሽ ጡረተኛ፦
ልጄ ሂሳቡ ልክ ነው ግን ግማሽ ነው። እኔ ቤቴን በ1991 በ45 ሺ ነው የገዛሁት፣ ያን ጊዜም እንዳንተ የሚያሰላ ጓደኛ ነበረኝ፣ ባንክ አስቀምጠው አለኝ። አስቀምጬው ቢሆን ዛሬ አንድ በርም አይገዛልኝም ነበር። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ብረትና ሲሚንቶ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ቤት ገንዘብን ከዋጋ ንረት ማሸሻ ነው፣ ኪራዩ የቡና ነው።

ሂሳብ ሠራተኛው፦
ጋሼ እሱን አልክድም፣ ዋጋው ያድግላታል። ግን እሷ የጠየቀችው በየወሩ የሚገባ ነው። የዋጋ ዕድገት ካልሸጠችው አትበላውም፣ በዛ ላይ 800 ሺ ዕዳ ይዛ ነው የምትጀምረው፣ 120 ሺውን በሙሉ ለእህቷ ባል ብትከፍል እንኳን ከ6 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ስለዚህ ለ6 ዓመት የወር ገቢ የሚባል ነገር የላትም ማለት ነው።

አቡ ኸድር፦
ወለዱን ተዉት ወንድሞቼ፣ ለብዙዎቻችን እሱ አማራጭ አይደለም። እህቴ ሙስሊም ከሆንሽ ከወለድ ነፃ አካውንት አለ፣ በትርፍ ክፍፍል የሚሠራ፣ ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ እንደዛ የሚሠሩ ባንኮች ናቸው፣ ሌሎቹም ባንኮች ለሱ መስኮት አላቸው። ቤትም በሙራባሃ ይሠራሉ፣ ባንኩ ራሱ ይገዛውና ትርፉን ጨምሮ በክፍያ ይሸጥልሻል ማለት ነው። ግን ቀላል እንዳይመስልሽ፣ ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ከገደበ ወዲህ፣ በኋላ ደረጃ በደረጃ ከፍ ቢልም፣ ባንክ ሄዶ ገንዘብ ማግኘት ወረፋ ነው። ከቤተሰብ ከተበደርሽ ደግሞ አብሽሪ፣ ግን ፃፉት። ቁርዓኑም ዕዳን ፃፉት ነው የሚለው፣ የእህቴ ባል ነው ብለሽ እንዳታፍሪ።

ፎርማን ነኝ፦
እኔ ደሴ ውስጥ 14 ዓመት ቤት ሰርቻለሁ። ከሂሳብ በፊት መሬቱን። ወደ ጦሳ በኩል ሽቅብ ያልሽው ነገር ነው ያሳሰበኝ። ይሄ ከተማ ተዳፋት ላይ ነው የተሠራው፣ በጦሳ በኩልም በአዝዋ ገደል በኩልም መሬት መንሸራተት ያልታየበት ጊዜ የለም፣ ጎረቤት ግድግዳው ተሰንጥቆ ለቆ የወጣበት ሰፈር አለ። ስለዚ ቤቱን በበጋ ማለዳ ሳይሆን ዝናብ ሲዘንብ ሂጂና እዪው። እንደ ደረጃ ወይም ጋደል ብሎ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ፣ በተለይ ከመስኮትና ከበር ጥግ የሚነሳ፣ መሠረቱ እየሄደ ነው። "በደንብ የተለሰነ" ያልሽው ደግሞ መቼ እንደተለሰነ ጠይቂ! ሊሸጥ ሲል የተለሰነ ቤት ሊዳር ሲል እንደሚላጭ ሽማግሌ ነው። በር ክፈቺ ዝጊ፣ የማይገጥም ከሆነ ቤቱ ዞሯል። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በየት እንደሚወርድ እዪ፣ ከጀርባ የድጋፍ ግንብ ካለ ሆዱ ተነፍቶ እንደሆነ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳ እንዳለው። ያ ግንብ ከፈረሰ ከቤቱ በላይ ነው የሚያስወጣሽ።

ቦርከና ዳር፦
ኮምቦልቻ ላይ 6 ክፍል አለኝ ስለዚህ የሷን ጥያቄ እኔ ልመልስ። የአክስትሽ ልጅ ግማሹን ነው የነገረችሽ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሐምሌ ሲመረቅ እኔም እንደሌላው ሰው ተበድሬ ክፍል ሠራሁ፣ መጀመሪያ በጣም ደስ ይል ነበር፣ አንድ ክፍል ውስጥ 3 እና 4 ሴት ልጆች ሆነው ይከራያሉ፣ ክፍሉ ተሠርቶ ሳያልቅ ተከራይ በር ላይ ነው። ደሞዛቸው ትንሽ ስለሆነ ለአራት ነው የሚካፈሉት፣ ኪራዩን ልጨምር ብትይ ከደሞዛቸው በላይ መሄድ አትችይም፣ ጣሪያው እሱ ነው። ከዛ 2014 ጦርነቱ መጣ፣ ጥቅምት መጨረሻ ከተማው ተያዘ፣ ሁሉም ሄደ፣ ስንመለስ በሩ መስኮቱ ተገንጥሏል። ታህሳስ ላይ ደግሞ አሜሪካ አጎዋን፣ ያለ ቀረጥ ዕቃ ወደሷ የሚገባበትን ዕድል፣ ቆረጠችው፣ ልብስ ሰፍቶ የሚልከው ድርጅት ሰው ቀነሰ፣ 4 ክፍል ለ8 ወር ባዶ ቆሙብኝ። ከዛ ነው የገባኝ፣ ለካ ስድስቱም ክፍሌ አንድ ተከራይ ነበረው፣ ፓርኩ። አሁን ሁለቱን ለመለዋወጫ ነጋዴ ስቶር አድርጌ ሰጠሁት፣ አንዱን በሚሌ መስመር ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ይዞታል፣ ቤተሰቡን ያስቀመጠበት፣ አንዱ አስተማሪ፣ ሁለቱ የፓርክ ልጆች። ኪራዩ ከበፊቱ ብዙም አልጨመረም፣ ግን እንቅልፍ አለኝ።

ቦታውን በተመለከተ ሜዳ ነው ብለሽ አትዘናጊ፣ ቦርከናና ገባር ወንዞቹ ክረምት ላይ ይሞላሉ፣ እኔ ዳር ነኝ አውቀዋለሁ።

የቧንቧ ውሃዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እውነት ለመናገር ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ደላላው ዛሬም ደወለ። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ካርታ አለው ብሎኛል፣ ፎቶውን በቴሌግራም ልኮልኛል። በሟች አባታቸው ስም ነው፣ ልጆቹ ናቸው የሚሸጡት። እሱ ችግር አለው?

ሕግ ተማሪ ነበርኩ፦
አዎ አለው! ማለት ችግር ላይሆን ይችላል ግን እስኪጣራ ቀብድ የሚባል ነገር የለም። በሟች ስም ያለ ቤት ከመሸጡ በፊት ወራሽነት በፍርድ ቤት ተረጋግጦ ስሙ ወደ ወራሾች መዞር አለበት። ስንት ናቸው ወራሾቹ? ሁሉም ፈርመዋል? አንዷ ሳዑዲ ያለች እህት ካለች ውክልናዋ የት አለ፣ ውክልናውስ መሸጥን ይጨምራል? ቤቱ በትዳር የተገኘ ከሆነ ደግሞ፣ እናትየው በሕይወት ካለች ግማሹ የሷ ነው። ብዙ ሰው የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው፣ ሶስት ወንድሞች ይሸጡልሻል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አራተኛው ይመጣል።

ሌላው ፎቶ አይደለም ካርታ ማለት። ራስሽ መሬት አስተዳደር ሄደሽ ማህደሩን አስወጪና እዪ፣ እግድ አለበት ወይ፣ ባንክ መያዣ ነው ወይ፣ ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ፣ ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ቀሪ ካለ ከቦታው ጋር ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። ሽያጩ በሰፈር ሽማግሌ ፊት በተፃፈ ወረቀት አይሆንም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፅሁፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት ይሁን ነው የሚለው። ለስም ማዛወሪያ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ፣ 3.4 ላይ 68 ሺ ነው፣ በጀትሽ ውስጥ አስገብተሽዋል? በሽያጩ ጥቅም ላይ የሚመጣው ግብር የሻጭ ነው ግን ውሉ ላይ ካልተፃፈ ቀኑ ሲደርስ ገዢ ላይ ሊጭኑት ይሞክራሉ። ዳር ላይ "ባዶ ቦታ በርካሽ" ካለሽ ደግሞ ሩጪ፣ መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም፣ የገበሬ መሬት ገዝተው በጨረቃ ቤት ሠርተው ዶዘር የመጣባቸውን እናውቃለን።

ቤሩት 7 ዓመት፦
እህቴ አንድ ነገር ብቻ። ካርታው በስምሽ ይሁን። እኔ 7 ዓመት ቤሩት ሰርቼ በየወሩ ለወንድሜ እልክ ነበር፣ ቤት ገዛሁልሽ ይለኝ ነበር፣ ፎቶ ይልክልኛል፣ በሩን ቀለም አስቀባሁት ይለኛል። ስመጣ ካርታው በሱና በሚስቱ ስም ነው። አሁን ዋናውን ቤት እነሱ ይኖሩበታል እኔ ሰርቪሱ ውስጥ ነኝ፣ ኪራይ አይጠይቁኝም እሱን ልመስክር። ሽማግሌ ገብቶ ነበር፣ እናቴ አለቀሰች፣ ተውኩት። 800 ሺ የሚያበድርሽ ሰው ነገ "አብረን ነው የገዛነው" እንዳይልሽ አቡ ኸድር እንዳለው ፃፉት።

የቧንቧ ውሃዋ፦
ወይኔ እህቴ። አልቅሼ ነው ያነበብኩት። በውስጥ ልፃፍልሽ።

ደላላ አይደለሁም፦
ሰው ሁሉ ደላላ ደላላ ይላል እንጂ ያለ ደላላ ደሴ ላይ ቤት ያገኘ ማነው? ቤቱ ጥሩ ነው፣ ፒያሳ ቅርብ ነው፣ ፈተና ቢኖረው ተከራይ ይሞላበት ነበር ወይ?

ተከራይ ነኝ፦
አንተ ስሙን ቀይረህ የመጣህ ነህ ሃሃሃ። ተከራይ ሞልቶበታል ማለት ቤቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፣ ሌላ ቦታ አጥቶ የገባ ይሆናል። እኔ 11 ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሆጤ፣ ሮቢት፣ አሁን ገራዶ። ለአዲስ አከራይ የምመክረው፣ ተከራይን የሚያባርረው ዋጋ ብቻ አይደለም። አንድ ቆጣሪ ለአምስት ቤት፣ ወር በደረሰ ቁጥር ማን ምጣድ ለኮሰ ማን ፍሪጅ አለው የሚል ፀብ፣ ለዛ ብዬ ሁለት ቤት ለቅቄያለሁ። ለየክፍሉ ማባዣ ቆጣሪ አስገቢላቸው፣ ብዙ ብር አይደለም። ሮቶ አስቀምጪ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ ያለው ግቢና የሌለው ግቢ እኩል አይከራይም። ሽንት ቤት ለአምስት ቤተሰብ አንድ ከሆነ ሁለተኛ ሥሪ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በር ይዘጋል፣ እንግዳ አይገባም፣ ልጅ ያለው አልፈልግም የምትሉት ነገር ደግሞ… በቃ ተዉት። እኔ አሁን ያለሁበት እትዬ 4 ዓመት ሲሆነኝ አንዴ ነው የጨመሩብኝ፣ ቡና ሲፈላ ይጠሩኛል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ራሴ ወጥቼ ነው የምመታው፣ አንድም ወር አዘግይቼባቸው አላውቅም።

ሕግ ተማሪ ነበርኩ፦
በነገራችን ላይ ጭማሪ እንደፈለግሽ አይደለም አሁን። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አለ። ውል በፅሁፍ፣ በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ፣ ከ2 ዓመት ያላነሰ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ። ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያሳውቀው መጠን አያልፍም። ከአዲስ አበባና ድሬዳዋ ውጪ የትኞቹ ከተሞች ላይ እንደሚሠራ ክልሎች ናቸው የሚወስኑት፣ ስለዚህ ደሴ ላይ አሠራሩ እንዴት እንደሆነ ማዘጋጃ ጠይቂ። እና "ገዝቼ ተከራዮቹን አስወጥቼ በእጥፍ አከራያለሁ" ብለሽ አስበሽ ከሆነ እሱን ሂሳብ አጥፊው። የገቢ ግብር ሕጉም በ2017 ተሻሽሏል፣ የድሮ ሰንጠረዥ ፌስቡክ ላይ የሚዞረውን አትመኚ፣ ገቢዎች ሄደሽ ጠይቂ። የንብረት ታክስ አዋጅም ወጥቷል፣ 1365/2017።

ሂሳብ ሠራተኛው፦
ተከራይ ነኝ ያለው ከኔ ስሌት በላይ ጠቃሚ ነው። አንድ ክፍል ሁለት ወር ባዶ ከቆመ የዛ ክፍል የዓመት ኪራይ ከስድስት አንድ እጁ ሄደ ማለት ነው፣ 500 ብር ጨምረሽ ጥሩ ተከራይ ከምታጪ ባትጨምሪ ይሻልሻል።

ፎርማን ነኝ፦
እህቴ የቤተሰብ ግቢ የለሽም? ባዶ ጓሮ ያለው ማለቴ ነው። ባለፈው ክረምት ማግስት ለአንድ ሰው 3 ክፍል በብሎኬት ሠርቼለታለሁ፣ 3 በ4፣ ሽንት ቤቱን ጨምሮ 780 ሺ ፈጀ። እያንዳንዱን በ2500 አከራየው።

ሂሳብ ሠራተኛው፦
90 ሺ በዓመት፣ በ780። 11 በመቶ ተኩል። ይሄ ነው እንግዲህ፣ መሬቱን ስለማትገዢው ነው።

የቧንቧ ውሃዋ፦
የእናቴ ግቢ አለ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከጓሮ ጎመን የምትተክልበት ቦታ። ግን 5 ልጆች ነን።

ጋሽ ጡረተኛ፦
እንግዲያውስ ከብሎኬቱ በፊት አምስታችሁም ቁጭ በሉ። እናትሽ በሕይወት እያለች፣ እሷ ባለችበት። ማን አወጣ፣ ኪራዩ የማን ነው፣ ለስንት ዓመት፣ ግቢው ለውርስ ሲቀርብ ያወጣሽው እንዴት ይመለሳል። ተፅፎ ሁሉም ይፈርም፣ ምስክር ይኑር። ወንድምሽ "ኧረ በኛ መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል" ካለሽ መጀመሪያ ማስፈረም ያለብሽ እሱን ነው። የግንባታ ፈቃድም አትርሺ፣ ጓሮ ነው ማን ያየኛል እንዳትይ።

ቤሩት 7 ዓመት፦
ጋሼ ልክ ኖት። እኔ የዛን ጊዜ እንደርሶ ያለ ሰው አጠገቤ ቢኖር።

ቦርከና ዳር፦
የወረቀት ነገር ከተነሳ፣ ካርታሽን፣ ውሎችሽን፣ ካርኒዎችሽን ኮፒ አድርገሽ ከቤት ውጪ አስቀምጪ፣ አንድ ኮፒ ስልክሽ ላይ፣ አንድ ኮፒ ሌላ ከተማ ዘመድ ጋ። በ2014 ስንወጣ እኔ የያዝኩት የልጆቼን ብርድ ልብስ ነው። የኔ ወረቀት ሳጥን ተገልብጦ መሬት ላይ ተበትኖ አገኘሁት፣ የጎረቤቴ ግን አልተገኘም፣ ምትክ ለማውጣት ስንት ጊዜ ተመላለሰ።

የቧንቧ ውሃዋ (ከ12 ቀን በኋላ)፦
ሰላም ናችሁ፣ የጠፋሁት ስዞር ነው። ፎርማኑ እንዳለው ዝናብ እስኪዘንብ ጠበቅኩና አንድ ግንበኛ ዘመዴን ይዤ ሄድኩ። ደላላው ዛሬ አይመችም ባለቤቶቹ የሉም አለ፣ በር አንኳኩቼ በተከራዮቹ በኩል ገባሁ። ዋናው ቤት በጓሮ በኩል ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ እስከ ጣሪያ ነው፣ ልስኑ እርጥበት ሲመጥ መስመሩ ጠቁሮ ወጣ፣ ደረቅ ሆኖ ሳየው ምንም አልነበረም። አንዷ ተከራይ አምና ነው የለሰኑት አለችኝ።

ግን ከሱ የባሰው ሌላ ነው። መሬት አስተዳደር ሄጄ ማህደሩን አየሁ፣ ካርታው 160 ካሬ ነው የሚለው። ግንበኛው በሜትር ሲለካው የታጠረው 210 ነው። ከጓሮ ያለው ትርፍ 50 ካሬ ካርታ ውስጥ የለም። ሁለቱ ሰርቪስ ሙሉ በሙሉ እሱ ላይ ነው ያሉት፣ ሽንት ቤቱም። ማለት ከ4ቱ ክፍል በወረቀት ያለው 2ቱ ብቻ ነው፣ ሌላውን ማዘጋጃው በፈለገው ቀን አፍርሺ ቢለኝ የምይዘው የለኝም። ደላላውን ስጠይቀው "ደሴ ላይ ያላለፈ ማን አለ" አለኝ። ወራሾቹም ደላላው እንዳለኝ አምስት ሳይሆኑ ስድስት ናቸው፣ ስድስተኛው ጅዳ ነው፣ ውክልና የለም።

ትቼዋለሁ። የሰው ጊዜ አባክነሻል ብሎ ተቆጣ። የእህቴ ባል ደግሞ ገላገልሽኝ አለ ሃሃሃ።

የእናቴን ግቢ በተመለከተ ቅዳሜ ሁላችንም እንቀመጣለን። እናቴ ጎመኗን አልነቅልም ብላለች፣ 3 ሳይሆን 2 ክፍል ሥሪ ጥጉን ተይልኝ ነው የምትለው፣ እሷን እኮ ማን ይሞግታል።

ፎርማን ነኝ፦
2ቱን ሲሠሩ መሠረቱን ለ3 አስይዢ፣ ወደ ጎን ማስረዘም ስትፈልጊ እንዳታፈርሺ። የጣሪያው ውሃ ወደ ጎመኑ ይውረድ፣ እናትሽም ደስ ይላቸዋል።

ሂሳብ ሠራተኛው፦
ቀሪውን ብር በአንድ ጊዜ ሌላ ነገር ላይ እንዳትጥይው፣ ቢያንስ የ6 ወር መጠባበቂያ ይኑርሽ።

አዲስ ገቢ 04፦
ይቅርታ አሁን ነው ያየሁት ይሄን። ያ ግቢ ከፒያሳ ሽቅብ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ነው? ትናንት ለኔ በ3.1 ነው የቀረበልኝ፣ እስከ አርብ ቀብድ ካላስያዝክ ሌላ ገዢ አለ ተብዬ።

የቧንቧ ውሃዋ፦
እሱው ነው ወንድሜ። ሜትር ይዘህ ሂድ።